ከብረት መጥረጊያ እስከ ቀጭን ቱቦ

እ.ኤ.አ. በ1975 ስቶክ እና ካንቡር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሁሉም እንደተመለሰ የቆጠረውን ጥያቄ እንደገና አነሱ። ማህፀናቸው በቀዶ ህክምና እንዲወጣ የተወሰነላቸው 50 ሴቶች ነበሩ። ቀዶ ህክምናው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዷ ማህፀን ኩሬት በሚባለው በተለመደው የብረት መጥረጊያ ተጠረገ፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ተከፍቶ ብረቱ የግድግዳውን ምን ያህል እንደነካ ታየ። ከሴቶቹ በ60 በመቶው የተጠረገው ከግማሽ በታች ነበር። በ16 በመቶው ደግሞ ሩብ እንኳ አልሞላም።

ውጤቱ የከበደው ጠረጋ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ዳኛ ስለነበር ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፏት ሴት እንደገና ደም ሲታያት ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠረጥረው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰርን ነው። ለማረጋገጥ ሴትየዋ ሆስፒታል ትተኛለች፤ ሙሉ ማደንዘዣ ትወስዳለች፤ የማህፀኗ በር በብረት ዘንግ እየሰፋ ሽፋኑ ይጠረጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ምንም አልተገኘም» ስትባል ልቧ አርፎ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የሁለቱ ሐኪሞች ልኬት ያንን እረፍት አናጋው። በዚያው ዘመን ደግሞ ያለ ሙሉ ማደንዘዣ፣ በተመላላሽ ክፍል አልጋ ላይ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ናሙና የሚያወጡ ትንንሽ መሳሪያዎች ከጠረጋ ጋር ለመወዳደር ብቅ ብለው ነበር።

የእነዚህ መሳሪያዎች ታሪክ የንጽጽር ታሪክ ነው። ሐኪሞች «ምን ያህል ናሙና ወጣ?»፣ «ትክክለኛው ቦታ ተነካ ወይ?» እያሉ ለትውልዶች ተከራክረዋል። «ሴትየዋን ምን ያህል አመማት?» የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ንጽጽሩ የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው። የመሳሪያዎቹን ዕድገት ከዚህ መዘግየት ለይቶ መተረክ ታሪኩን በግማሽ መተው ይሆናል።

ኩሬትን ለማህፀን ያዋሉት ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሬካሚዬ ሲሆኑ ዘመኑ 1840ዎቹ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሳሪያው ረጅም እጀታና የጎደጎደ ጫፍ ያለው ብረት ነበር። ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከጀርም ስለመከላከል የጻፉት በ1867 በመሆኑ ሬካሚዬ ሲጀምሩ ስለ ጀርም የሚያውቅ አልነበረም፤ ኤተር እንኳ ለማደንዘዣነት በይፋ የታየው በ1846 ነው። ብረቱ አንዳንዴ የማህፀኑን ግድግዳ በስቶ ወደ ሆድ ዕቃ ያልፍ ነበር። የሙያ ባልደረቦቻቸው በብርቱ ተቃወሟቸው፤ ጠረጋም ለዓመታት በጥርጣሬ ሲታይ ቆየ።

ከውቅያኖስ ማዶ ስለታም ኩሬት በስማቸው የሚጠራላቸው አሜሪካዊው ማሪዮን ሲምስ አሉ። ዝናቸው የተገነባው ግን ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግመው በመቅደድ ነው። አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የሚባሉት የሦስቱ ስም በታሪክ ተመዝግቦ ቀርቷል። ያ ሥራ ስለ ፊስቱላ እንጂ ስለ ናሙና አልነበረም። ይሁንና የሴት ሕመም በማህፀን ህክምና ውስጥ ምን ያህል ቀላል ተደርጎ ሲታይ እንደኖረ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የከፋ ማስረጃ አያሻውም፤ ስሙም ከመሳሪያ ሳጥኑ ውስጥ እስከ ዛሬ አልወጣም።

እስከ 1870ዎቹ ድረስ ጠረጋ ማከሚያ እንጂ መመርመሪያ አልነበረም፤ የወጣው ነገር ይጣላል። ይህን የቀየሩት በርሊን ውስጥ የሠሩት ካርል ሩጌ እና ዮሐን ፋይት ናቸው። ከማህፀን የተጠረገውን ቁራጭ በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ከዚያች ቁራጭ መለየት ይቻላል አሉ። ከእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ምን ይታወቃል የሚል ተቃውሞ አልቀረላቸውም። ይህ ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲነሳ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ ተደግሟል። በ1879 ደግሞ የፍራይቡርጉ አልፍሬድ ሄጋር የማህፀን በርን ደረጃ በደረጃ የሚያሰፉ ዘንጎቻቸውን አስተዋወቁ፤ ማስፋትና መጥረግ ከዚያ በኋላ እንደ አንድ ሥራ ተቆጠሩ።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት የመሳሪያ ሳይሆን የዕውቀት ነው። በ1908 የቪየናዎቹ ፍሪትስ ሂችማን እና ሉድቪግ አድለር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ከወር አበባ ዑደት ጋር በየሳምንቱ መልኩን እንደሚለውጥ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች ሽፋኑ ወፍሮ ወይም እጢዎቹ ተጠማዝዘው ሲያዩ «የማህፀን ብግነት» ብለው ይመዘግቡ፣ ሴትየዋንም ይጠርጉ ነበር። አብዛኛው በሽታ የተባለው ነገር የጤነኛ ሴት ወር አጋማሽ ወይም መጨረሻ ነበር። በስህተት የተጠረጉትን ሴቶች የቆጠራቸው የለም።

ግኝቱ አዲስ ፍላጎት ወለደ። ሽፋኑ ከቀን ቀን የሚናገረው ነገር ካለ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሴትን ቀዶ ህክምና ክፍል ማስገባት የማይሆን ነገር ነው። በ1935 የባልቲሞሩ ኤሚል ኖቫክ መልሱን ይዘው መጡ። የኖቫክ ኩሬት ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ ጫፉ አጠገብ በጎኑ በኩል ጥርስ ያላት ቀዳዳ አለች፤ በሌላው ጫፍ ስሪንጅ ይሰካል። ቱቦው ገብቶ ስሪንጁ ሲሳብ ሽፋኑ ወደ ቀዳዳዋ ይጠጋል፤ ቱቦው ወደ ውጭ ሲጎተት ጥርሶቹ ቆርጠው ይዘውት ይወጣሉ። በዚያው ዓመት ራንዳል የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም የራሳቸውን ቀጭን ኩሬት አቀረቡ። ሙሉ ማደንዘዣም፣ የሄጋር ዘንግም፣ የሆስፒታል አልጋም አላስፈለገም። ከዚህ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል «የማህፀን ናሙና» ሲባል በሐኪሙ እጅ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የኖቫክ ብረት ነበር።

ብረቱን በሚገባ የተጠቀሙበት መካንነትን የሚያጠኑት ናቸው። ኋላ ለወሊድ መከላከያ እንክብል መፈጠር ዋና ተዋናይ የሆኑት ጆን ሮክ ከባልደረባቸው ከማርሻል ባርትሌት ጋር በ1937 የናሙናውን ቀን ከመልኩ የማንበቢያ መስፈርት አወጡ። በ1950 ሮበርት ኖይስ፣ አርተር ኸርቲግ እና ሮክ ያሻሻሉት መስፈርት «ፈርቲሊቲ ኤንድ ስተሪሊቲ» በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሆኖ ወጣ። ልጅ ያልወለደች ሴት ወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ትጠራለች፤ ናሙናዋ ይወሰዳል፤ ሽፋኗ «ከቀኑ ወደኋላ ቀርቷል» ከተባለ የመካንነቷ ምክንያት ተገኘ ይባላል። ይህ አሠራር ከ50 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ2004 የታተመ የአሜሪካ የብዙ ማዕከላት ጥናት የሚወልዱትንና የማይወልዱትን ሴቶች በዚህ መለየት እንደማይቻል አረጋገጠ። እልፍ ሴቶች ጥርሳሙን ብረት የቻሉት ጥቅም ለሌለው መልስ ነበር ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከልብ የሚያሳዝን ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ልጅ ለማግኘት ሲባል ሴት ማንኛውንም ሕመም ትችላለች የሚለው ግምት መመርመር የነበረበትን ነገር ሸፍኖታል።

ጉዳዩን ከመካንነት ወደ ካንሰር የመለሰው ኢስትሮጅን ነው። በአሜሪካ ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሐኪም በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ማረጥን ኢስትሮጅን የሚያድነው በሽታ አድርገው ካቀረቡት በኋላ ሚሊዮኖች እንክብሉን ይወስዱ ጀመር። በታኅሣሥ 1975 ሁለት ጥናቶች በአንድ የህክምና መጽሔት ጎን ለጎን ወጡ፤ ሁለቱም ኢስትሮጅን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር የሚያሳዩ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሴት ማን ማደንዘዣ እየሰጠ ይጠርጋል? በአንዴ ብዙ ሴቶችን፣ አንዳንዶቹንም ደጋግሞ መመርመር ግድ ሆነ።

መሳሪያዎች አስቀድመው ተሰልፈው ነበር። በ1969 አሜሪካዊው ግራቭሊ ማህፀንን በጨው ውሃ እያጠበ ሴሎቹን መልሶ የሚመጥ መሳሪያ አቅርበዋል፤ ብዙ አልቆየም። የበለጠ የተሳካለት ከዴንማርክ የመጣው ቫብራ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም የንሰን በ1970 በ350 ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ በተመላላሽ ክፍል የሠሩትን ዘገቡ። ቫብራ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቱቦ፣ ናሙናውን የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃና ከግድግዳው ማዶ ወይም ከጠረጴዛው ሥር የሚሠራ የመምጠጫ ሞተር ነበረው። የሚያወጣው ናሙና የሚያጠግብ ነበር፤ ነገር ግን ሞተር ያስፈልገዋል፣ የሚያስከትለው ቁርጠትም ቀላል አልነበረም።

በ1982 ሐኪሙ ዴቪድ ግራይምስ ስለ ምርመራ ጠረጋ የተጻፈውን ሰብስበው ከቫብራ ጋር አነጻጸሩ። የደረሱበት ድምዳሜ በዚያ ዘመን ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ የተመላላሽ ክፍሉ ምጠጣ በትክክለኛነቱ ከጠረጋ አያንስም፣ በደህንነቱና በዋጋው ግን ይበልጣል አሉ። ማደንዘዣ የራሱ አደጋ እንዳለው፣ የሆስፒታል አልጋም ገንዘብ እንደሚበላ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀመጠ ግን ጥቂት ነው። የስቶክና የካንቡር ቁጥር ከዚህ ጋር ሲደመር የጠረጋ ዙፋን ተነቃነቀ።

ቀሪውን የሠራች አንዲት የፕላስቲክ ቱቦ ናት።

ፈረንሳዊው ኤድሞን ኮርኒዬ በ1984 ፒፔልን ለሙያው ዓለም አስተዋወቁ። ፒፔል ከ23 ሴንቲሜትር ትንሽ የሚረዝም፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ፣ ውፍረቱም ከእስክሪብቶ ውስጥ ካለው የቀለም ዘንግ የማይበልጥ ቱቦ ነው። ጫፉ የተደፈነ ሲሆን ጎኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው። በውስጡ ቀጭን ዘንግ ያልፋል። ቱቦው በማህፀን በር በኩል ገብቶ ጫፉ ጣሪያውን ሲነካ፣ ሐኪሙ በአንድ እጁ ቱቦውን ይዞ በሌላው ዘንጉን በአንዴ ወደኋላ ይስበዋል። ቱቦው ውስጥ የአየር ክፍተት ይፈጠራል፤ ሽፋኑም ወደ ቀዳዳዋ ይሳባል። ከዚያ ቱቦውን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ፣ ከጣሪያው እስከ አንገቱ ድረስ ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሰዋል። ሲወጣ ቀላ ያለ፣ ትል የሚመስል ናሙና በቱቦው ውስጥ ይታያል፤ ዘንጉ ሲገፋ ፎርማሊን ወደያዘው ብልቃጥ ይወርዳል። ሞተር የለም፣ ብረት የለም፣ መቀቀል የለም፤ ቱቦው ከአንድ ሴት በኋላ ይጣላል።

ትልቁ ክርክር የተነሳው እዚህ ላይ ነው። በ1993 የወጣ ጥናት የስቶክንና የካንቡርን ዘዴ ተከትሎ፣ ከወጣ ማህፀን ላይ የተነካውን ቦታ ለካ። ቫብራ በአማካይ የግድግዳውን 41.6 በመቶ ሲገፍ ፒፔል የነካው 4.2 በመቶውን ብቻ ነበር። አሥር እጥፍ ነው ልዩነቱ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ፒፔልን አሽቀንጥሮ ቢጥል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ስቶቫል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ካንሰር እንዳለባቸው የታወቁ 40 ሴቶችን በፒፔል መርምረው በ39ኙ ላይ አግኝተውት ነበር። ከመቶ አራት እጅ ብቻ የሚነካ ቱቦ ይህን ያህል ካንሰር እንዴት ያገኛል?

መልሱ ያለው በመሳሪያው ሳይሆን በበሽታው ጠባይ ነው። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ብዙውን ጊዜ ሰፊ ቦታ ይዞ ስለሚያድግ የትም ተነካ የት ይገኛል። ችግሩ በአንድ ጥግ ወይም ፖሊፕ በሚባል ከግድግዳው በሚበቅል ትንሽ እብጠት ውስጥ ተሸሽጎ ሲጀምር ነው። በ1995 ጊዶ እና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ ሙከራ በ65 ሴቶች ላይ አድርገው ካንሰሩን ያገኙት በ54ቱ ብቻ ነበር፤ ካመለጡት ውስጥ አብዛኞቹ ፖሊፕ ውስጥ ወይም ከግድግዳው እጅግ ጥቂት ቦታ ላይ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ የተነካ ቦታ ስፋት ለራሱ ትክክለኛ ልኬት ቢሆንም፣ የተጠየቀውን ጥያቄ አይመልስም። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት የተረዳ ሐኪም «ምንም አልተገኘም» ካለ በኋላ ደሙ የማይቆምላትን ሴት መልሶ አያሰናብትም፤ ወደ ቀጣዩ ምርመራ ይልካታል።

በ2000 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 39 ጥናቶችንና 7,914 ሴቶችን በአንድ ላይ ሲያጠቃልሉ ፒፔል ከመሰሎቹ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ካረጡ ሴቶች ካንሰር 99.6 በመቶውን፣ ገና ካላረጡት ደግሞ 91 በመቶውን አግኝቷል። ካረጡ በኋላ ሽፋኑ ስለሚሳሳ «በቂ ናሙና አልተገኘም» የሚለው የላቦራቶሪ መልስ ግን ዛሬም የተለመደ ነው። በ1990ዎቹ ሊያንግ-ቼ ታኦ በኢንዲያና የሠሩት ብሩሽ ይህን ክፍተት ለመሙላት ያለመ ነበር፤ ብሩሹ በመሸፈኛ ቱቦ ገብቶ፣ ተገልጦ ከተሽከረከረ በኋላ፣ ተሸፍኖ ይወጣል። ሙሉውን ገጽ ለማዳረስ ይመቻል፤ ግን የሚያመጣው በአብዛኛው ሴልን ስለሆነ ናሙናውን የሚያነበው ባለሙያ ልዩ ልምድ ያስፈልገዋል። በስፋት የተለመደው ግን ፒፔል ነው።

በጭፍን ከመቧጠጥ ይልቅ ማየትን የመረጡም ነበሩ። ፓንታሌዮኒ የተባሉ ሐኪም በ1869 የ60 ዓመት ሴት ማህፀን በመሳሪያ ተመልክተው የደሟ ምክንያት የሆነውን ፖሊፕ አግኝተዋል። ዘዴው በተመላላሽ ክፍል የሚሠራ እስኪሆን ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በ1990ዎቹ የጣልያኑ ቤቶኪ ስፔኩለም ከሚባለው የብልት መክፈቻና ከመቆንጠጫ ውጭ በቀጭን ካሜራ የሚገባበትን መንገድ አስፋፉ።

አልትራሳውንድም ድርሻ አለው። በ1995 በኖርዲክ አገሮች 1,168 ያረጡና ደም የታያቸው ሴቶች ተመርምረው፣ የሽፋናቸው ውፍረት ከ4 ሚሊሜትር ያልበለጠ ሴቶች ላይ ካንሰር አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሴት ሽፋኗ ቀጭን ስለሆነ ብቻ ናሙና ሳይወሰድባት ትሸኛለች። ለኖርዲክ ሴቶች የተሰፋው ልክ ለሁሉም ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ የተነሳው እጅግ ቆይቶ ነው። በሲያትል የሚሠሩት ኬሚ ዶል እና ባልደረቦቻቸው በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ካንሰር ከተገኘባቸው 210 ጥቁር ሴቶች መካከል በ24ቱ ሽፋኑ ከ5 ሚሊሜትር በታች እንደነበር አሳይተዋል። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች በዚህ ካንሰር የሚሞቱበት መጠን ከነጮች በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ዋሽንግተንም ሆነ ሲያትል ለሚኖሩ፣ ካረጡ በኋላ ደም ለታያቸው ኢትዮጵያውያት እናቶች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ «አልትራሳውንዱ ደህና ነው» ሲባሉ «ናሙናስ?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የማህፀን በር ካንሰር እጅግ ስለሚበዛ ትኩረቱም ወደዚያው ነው። ይሁንና የውስጠኛውን ሽፋን ናሙና ለመውሰድ የሚያገለግል መሳሪያ በየሆስፒታሉ አለ፤ የጤና ባለሙያዎች ኤምቪኤ የሚሉት፣ ውርጃ ላጋጠማት ሴት ማህፀን የሚጸዳበት በእጅ የሚሠራ መምጠጫ ነው። በቀጭኑ ቱቦ ሲሠራ የናሙና መውሰጃም ይሆናል፤ መብራትም ሆነ ሞተር አይፈልግም። መርሁ የኖቫክ ስሪንጅና የኮርኒዬ ዘንግ የሚጋሩት ያው የአየር ክፍተት ነው። የሚቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው፤ ብልቃጡ ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት ወዳለበት ከተማ መድረስ፣ መልሱም ወደ ሴትየዋ መመለስ አለበት።

ሕመምን መለካት በንጽጽር ጥናቶች ውስጥ በጉልህ የገባው ፒፔል ከኖቫክ ጋር በተወዳደረባቸው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፒፔል ያነሰ እንደሚያም ታየ፤ ያነሰ ማለት ግን አያምም ማለት አይደለም። በግንቦት 2025 የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው ምክር፣ ናሙና መውሰድን ጨምሮ በተመላላሽ ክፍል ለሚሠሩ የማህፀን ሥራዎች ሴትየዋ ስለ ሕመሙ አስቀድሞ እንዲነገራትና የማስታገሻ አማራጭ እንዲቀርብላት አሳስቧል። የኖቫክ ብረት ከወጣ 90 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በብዙ ክፍሎች ውስጥ ቱቦው ከመግባቱ በፊት የማህፀን በር የሚያዘው ዛሬም ጫፉ ሹል በሆነ ጥርስ ባለው መቆንጠጫ ነው፤ በፈረንሳይ የሚጠራው በሐኪሙ በሳሙኤል ፖዚ ስም ነው። ብዙ ሴቶች ከቱቦው ይልቅ የሚያስታውሱት የዚህን ንክሻ ነው። በቅርብ ዓመታት ከስዊዘርላንድ የማህፀን በርን በመምጠጥ የሚይዝ፣ ጥርስ የሌለው መሳሪያ ወጥቷል። ሉፕ በሚገባላቸው 100 ሴቶች ላይ ከተለመደው መቆንጠጫ ጋር ሲወዳደር፣ ተመራማሪዎቹ ዋና መለኪያ አድርገው ያስቀመጡት ሴቶቹ ራሳቸው የሰጡትን የሕመም ነጥብ ነበር፤ ያም በመምጠጫው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።